ለቀጥታ ሙዚቃ በመጠነኛ ዋጋ አክቲቭ ስፒከር ስለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ጥምቀት አልፎ የሰርጉ ወቅት ሲከፈት፣ ከፋሲካም በኋላ ያሉት ሳምንታት ሲደርሱ፣ ስልኬ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይበዛበታል። የምተዳደረው የድምፅ መሣሪያ በማከራየትና በመድረክ ላይ ድምፅ በማስተካከል ቢሆንም፣ ከሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ምክር ነው፤ በጣና ዳር መዝናኛዎች የሚጫወቱ ወጣት ባንዶች፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ይዘው ሰርግ የሚያደምቁ ልጆች፣ ከኪራይ ተላቀው የራሳቸውን ስፒከር መግዛት የሚሹ የአዝማሪ ቤት ባለቤቶች ናቸው። የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

አክቲቭ ስፒከር ምንድን ነው? ሞንታርቦ ከምንለው በምን ይለያል?

ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የማንኛውም ትልቅ ስፒከር መጠሪያ ሆኖ ስለቀረ፣ ገበያ ላይ «ሞንታርቦ አለ» ሲባል አክቲቭም ፓሲቭም ሊሆን ይችላል። ፓሲቩ በውስጡ አምፕሊፋየር ስለሌለው ከውጭ በሚገናኝ አምፕሊፋየር ጉልበት ይሠራል፤ አክቲቩ አምፕሊፋየሩን በጀርባው ይዞ ስለሚመጣ በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካል። በአብዛኞቹ አክቲቭ ስፒከሮች ውስጥ ለወፍራሙ ድምፅ አንድ፣ ለቀጭኑ ሌላ አምፕሊፋየር አለ። ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍለውንም፣ ከመጠን ሲያልፍ የሚገታውንም ክፍል ፋብሪካው ራሱ ለዚያው ስፒከር አመጣጥኖ ስለሚሠራው፣ ልምድ የሌለው ሰው እንኳ በቀላሉ አያቃጥለውም። ፓሲቩ ሲጠየቅ ርካሽ ይመስላል፤ የአምፕሊፋየሩና የወፍራሙ ኬብል ዋጋ፣ የሚያስተካክለውም ሰው ክፍያ ሲደመር ግን ልዩነቱ ይጠብባል። ለጀማሪ ባንድ አክቲቭ እንዲገዛ ሳላመነታ እመክራለሁ።

ካርቶኑ ላይ 2,000 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቁጥር ልመነው?

ብቻውን አይመኑት። ዋት የሚናገረው ስለ አምፕሊፋየሩ ጉልበት ነው፤ ስፒከሩ ያንን ጉልበት ምን ያህል ወደ ድምፅ እንደሚለውጥ ግን አይናገርም። በዚያ ላይ ቁጥሩ በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ አንደኛው ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ፒክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስፒከሩ ሳያቋርጥ ይዞት የሚቆየው ተከታታይ ጉልበት ወይም አርኤምኤስ ነው። በትልቁ የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ ፒኩ ነው፤ ተከታታዩ የዚያ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በታች ይሆናል።

የተሻለው መለኪያ ስፒከሩ በ1 ሜትር ርቀት የሚደርስበት ከፍተኛ የድምፅ መጠን በዴሲቤል ነው። ለምሳሌ የያማሃው ዲቢአር10 በፒክ 700 ዋት ሲሆን ፋብሪካው 129 ዴሲቤል ይሰጠዋል፤ የኤሌክትሮቮይሱ ዜድኤልኤክስ-12ፒ ደግሞ 1,000 ዋት ተብሎ 126 ዴሲቤል ተጽፎለታል። ፋብሪካዎች የሚለኩበት መንገድ አንድ ስላልሆነ ይህ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አያበቃም፤ በዋት ብቻ ማወዳደር እንዴት እንደሚያሳስት ግን በግልጽ ያሳያል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ1,000 ወደ 2,000 ዋት ለመሸጋገር ዋጋውን እጥፍ የከፈለ ሰው፣ ያገኘውን ልዩነት ለማወቅ ጆሮውን ማቅናት ሊኖርበት ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ሥራውን ስጀምር «3,000 ዋት» የተለጠፈባቸውን ሁለት ስፒከሮች ገዝቼ በመጀመሪያው ሰርግ ላይ ከበሮው ሲገባ ድምፁ የሚቀደድ ወረቀት መሰለ። በማግሥቱ ጀርባውን ፈትቼ ስመለከት፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው የውፈሩ ማግኔት ከሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሰሐን አይሰፋም፤ ፊውዙ ላይ ደግሞ 2 አምፔር ይላል። 220 ቮልት በ2 አምፔር ሲባዛ 440 ዋት ነው፤ እንግዲህ ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ መሳብ የማይችል ዕቃ 3,000 ዋት ከየት ያመጣል? ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ስፒከሩን አዙሬ የፊውዙን ቁጥር አነባለሁ።

በሐይቁ ዳር ባለ ክፍት ግቢ ከ100 እስከ 150 ለሚሆን ሰው ስንት ስፒከር ይበቃል?

ግድግዳና ጣራ ድምፅን መልሰው ስለሚያቀብሉ አዳራሽ ውስጥ የሚበቃው ስፒከር ክፍት ቦታ ላይ ሊያንስ ይችላል። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ1 ሜትር 126 ዴሲቤል የሚደርስ ስፒከር በ16 ሜትር ላይ ቢበዛ 102 ዴሲቤል ይቀረዋል ማለት ነው፤ ሙዚቃው ድንገት ከፍ ሲል እንዳይሰነጠቅ ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል መተንፈሻ ብንተውለት፣ የኋለኛው ጠረጴዛ ላይ የሚሰማው አማካይ ድምፅ 90 አካባቢ ይሆናል። ይህ እንግዳው እየተጨዋወተ ዓሣውን ለሚበላበት ምሽት ይበቃል፤ እስክስታ ለሚወረድበት ሰርግ ግን ጥቂት ያንሳል።

ስለዚህ ለተጠቀሰው ሕዝብ ሁለት ጥሩ ባለ 12 ኢንች (የውፈሩ ዲያሜትር ነው) ስፒከሮች በስታንድ ላይ ከፍ ብለው ቢቆሙ አጥጋቢ ናቸው። ከፍታው ቀላል ነገር አይደለም። ስፒከሩ መሬት ላይ ከተቀመጠ የፊተኛው ረድፍ ሰው ቀጭኑን ድምፅ በአካሉ ይውጠውና፣ ከኋላ ያለው እንግዳ የሚሰማው የከበሮውን ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ከቆመ ሰው ራስ በላይ፣ ወደ 2 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የስታንዱ ዘንግ ዲያሜትር በአብዛኛው 35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከአብዛኞቹ ስፒከሮች ጋር ይገጥማል፤ እግሩ የሚወላገድ ርካሽ ስታንድ ግን ከሐይቁ ነፋስ ጋር አይግባባም።

10፣ 12 ወይስ 15 ኢንች?

ማሲንቆ፣ ክራርና አንድ ድምፃዊ ብቻ ካሉ 10 ኢንች ከበቂ በላይ ነው። ከበሮ፣ ቤዝ ክራር ወይም የኪቦርድ ቤዝ ሲጨመር 12 ኢንች ይሻላል። 15 ኢንቹ የተሻለ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ሆኖም በርካሾቹ ላይ የሰው ድምፅ የሚያርፍበት መካከለኛው ክልል በትልቁ ውፈርና በትንሹ ትዊተር መካከል ይንጠለጠልና የግጥሙ ቃል ይደበዝዛል። በአዝማሪ ጨዋታ ቃሉ ከጠፋ ቅኔው አብሮ ጠፋ፤ በቤዝ አይካስም።

ሌላው ጉዳይ ሸክም ነው። ሁለት ባለ 12 ኢንች፣ ሁለት ስታንድና አንድ ሚክሰር (የማይኮቹንና የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያቀላቅለው) በአንድ ባጃጅ የኋላ መቀመጫ ላይ ተደርድረው ባለቤታቸው ጥግ ይዞ ሲሄድ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ 15 ኢንች የገዛው ጓደኛው ሁለተኛ ባጃጅ ይጠራል።

ሳብ ውፈር (ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ስፒከር) የግድ ያስፈልገኛል?

በመጀመሪያው ግዢ አያስፈልግም። ገንዘቡን ዋናዎቹ ስፒከሮች ላይ ያውሉት፤ ሥራው ሲበዛና ሙሉ ድራም ሲመጣ ይታከላል።

ማሲንቆና ክራር በስፒከር ሲወጡ ለምን ይፏጫሉ?

ይህ ጥያቄ ውጭ አገር በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ መልስ ስለማይገኝለት ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። የማሲንቆው ፊት የተወጠረ ቆዳ ነው። ቆዳው የጭራውን ንዝረት እንደሚያጎላ ሁሉ ከስፒከሩ የሚመጣውንም ድምፅ ይቀበላል፤ ይንቀጠቀጥና ንዝረቱን መልሶ ለማይኩ ይሰጣል፤ ማይኩ ለስፒከሩ፣ ስፒከሩ እንደገና ለቆዳው ይልካል፤ ፉጨቱ የዚህ ዙር ውጤት ነው። ስለዚህ ዋናዎቹ ስፒከሮች ሁልጊዜ ከተጫዋቾቹ ፊት፣ ወደ እንግዳው ዞረው ይቁሙ። በጠባብ የአዝማሪ ቤት ውስጥ ስፒከሩን ከተጫዋቹ ጀርባ ግድግዳ ላይ መስቀል የተለመደ ነው፤ ያን ያደረገ ሰው ከየትኛውም ብራንድ ሰላም አያገኝም። ተጫዋቹ ራሱን እንዲሰማ ሞኒተር ከተሰጠው፣ ሞኒተሩ በማይኩ ጅራት አቅጣጫ ይቀመጥ፤ የተለመደው የመድረክ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ እምብዛም አይቀበልምና።

ከዚያ ቀጥሎ ሚክሰሩ ላይ ያለችውን፣ በጣም ወፍራሙን ድምፅ የምትቆርጥ ሎው ከት የምትባል ቁልፍ ይጫኑ። ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ማሲንቆ የሚናገረው ነገር ስለሌለ፣ ከዚያ ክልል የሚመጣው የእግር ኮቴና የከበሮ ጉምጉምታ ብቻ ነው።

ክራር ላይ ንዝረቱን የሚቀበል ፒክአፕ የሚለጥፉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ቅሬታ ያቀርባሉ፤ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል ይላሉ። የሚለጠፈው ፒዬዞ የሚባለው ዓይነት በቀጥታ በማይክ መግቢያ ላይ ሲሰካ መግቢያው ስለሚጫነው ወፍራም ድምፁን ያጣል። መፍትሔው ለፒዬዞ የሚስማማ ፕሪአምፕ ወይም ዲአይ ቦክስ የሚባል ማስማሚያ መሣሪያ በመካከል ማስገባት ነው። ስፒከር ከመቀየር በእጅጉ ይረክሳል።

መብራት በሚዋዥቅበትና በሚጠፋበት ሁኔታ ስፒከሩን እንዴት ልጠብቀው?

በመጀመሪያ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የቮልት መጠን ያንብቡ። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ ውዥቀቱን ራሱ ይችለዋል፤ ስታቢላይዘር ሳይገዙለት ቢቀሩም አይከፋም። «220–240» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ስታቢላይዘር ዋጋውን ይመልሳል። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ስፒከሩን ያጥፉ፤ ተመልሶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሠው ያብሩት፤ ጉዳት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በመምጫው ላይ ነው።

ሰርግ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ማዕድ ቤቱን ሳያዩ ሶኬት አይምረጡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት አክቲቭ ስፒከሮች፣ ሚክሰሩና ኪቦርዱ ተደምረው በተለመደው አጨዋወት በአማካይ ከ1,000 ዋት በታች ነው የሚወስዱት። ስለዚህ ዳሱ ውስጥ ዘፈኑ መሃል ላይ ስፒከሩ ጠፍቶ ሲበራ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ጓዳ ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ነው። ከሌላ መስመር ይውሰዱ፤ ማራዘሚያው ወፍራም ሽቦ ይሁን፤ ጥቅልሉም ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

በጄኔሬተር ከሆነ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ያለው ይበቃል። መጀመሪያ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ይረጋጋ፤ ከዚያ ሚክሰሩ ይብራ፤ ስፒከሮቹ መጨረሻ ይብሩ። ሲጠፋ በተቃራኒው ነው።

እምም የሚል ድምፅ ሲያስቸግር አንዳንድ ሰዎች የሶኬቱን የግራውንድ መስመር ይቆርጣሉ። ይህን በፍጹም አያድርጉ፤ ማይክ የያዘው ድምፃዊ ከንፈሩን በኤሌክትሪክ ሊያስመታ ይችላል። ስፒከሮቹና ሚክሰሩ መብራት ከአንድ ሶኬት እንዲያገኙ ማድረግና ባለ ሦስት እግር ባላንስድ ኬብል መጠቀም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ይፈታል።

ዘመድ ከአሜሪካ ቢያመጣልኝ ይሻላል?

ጥራቱ ይታመናል፤ ቮልቱ ግን ይጣራ። እዚያ የሚሸጠው ስፒከር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተዘጋጀ ሲሆን የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። መቀየሪያ የሌለውን በቀጥታ የሰካ ሰው የሚያየው ጭስ ነው። ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ከስፒከሩ እኩል የሚከብድ ዕቃ በየሰርጉ ይዞ መዞሩን ግን ያስቡበት።

የትኛውን ብራንድ ይመክራሉ?

ያማሃ፣ ኤሌክትሮቮይስ፣ ጄቢኤል፣ ማኪ፣ አልቶና ቤሪንገር በመጠነኛ ዋጋ መስመራቸው የሚያስከፋ ዕቃ የላቸውም፤ ከእነዚህ አልቶና ቤሪንገር ብዙ ጊዜ ለኪስ ይቀላሉ። እዚህ ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ ሳይውል ሳያድር አርጅቷል። ስመ ጥር ብራንዶች ፎርጂድም ይሠራባቸዋልና የመለያ ቁጥሩ በካርቶኑና በስፒከሩ ጀርባ ላይ አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ከሁሉ በላይ ግን ባሕር ዳር ውስጥ መለዋወጫ የሚገኝለትንና ጠጋኙ የሚያውቀውን ይምረጡ። ለጥገና አዲስ አበባ ድረስ የሚጫን ስፒከር የሰርጉን ወቅት ሳይሠራ ያሳልፋል።

ገንዘቤ ለአንድ ጥሩ ወይም ለሁለት ርካሽ ብቻ ይበቃል። የቱን ልግዛ?

አንድ ጥሩ። የቀጥታ ሙዚቃ በአንድ ስፒከር ሲወጣ የሚጎድለው ነገር እንግዳው ከሚያስበው ያነሰ ነው፤ በሥራው ገንዘብ ቀስ ብሎ ሁለተኛው ይገዛል። ያኔ ግን ያንኑ ሞዴል ይግዙ፤ ግራና ቀኝ የተለያየ ድምፅ ሲወጣ ጆሮ ይደክማል።

ያገለገለ ስፒከር ስገዛ ምን ልፈትሽ?

መጀመሪያ ሳይበራ፣ ፍርግርጉን አውልቀው ውፈሩን በአሥሩም ጣቶችዎ እኩል እየተጫኑ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይግፉት። ከሻከረ ወይም ጭር ጭር የሚል ድምፅ ከሰጠ በውስጡ ያለው የሽቦ መጠምጠሚያ ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል። ከዚያ ያብሩትና ምንም ሳይሰኩ ድምፁን እስከ ግማሽ ከፍ ያድርጉት፤ ቀጭን ሽሽታ ይኖራል፣ ጉምጉምታ ግን መኖር የለበትም። ከትዊተሩ ፊት ጆሮዎን አቅርበው ሽሽታው ከዚያ መምጣቱን ያረጋግጡ፤ ትዊተሩ ሞቶ በውፈሩ ብቻ የሚሸጥ ስፒከር በሱቁ ጫጫታ ውስጥ ጤነኛ ይመስላል።

ሻጩ በስልኩ በሚያጫውተው ሙዚቃ አይፍረዱ። የተቀዳ ሙዚቃ ተጨምቆና ተስተካክሎ የተሠራ ስለሆነ ደካማውንም ያስመሰግናል። የራስዎን ማይክ ይዘው ይሂዱ፤ ይናገሩበት፤ ከተቻለም ከበሮ የሚመታ ጓደኛ ያስከትሉ፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ከፍ ተደርጎ ይሥራ። ሲሞቅ የሚጠፋ ዕቃ ሳይሞቅ ጉዱን አይናገርም። ብሉቱዝ አለው መባሉም ዋጋ አያስጨምርዎት፤ ለእረፍት ሰዓት ሙዚቃ ይጠቅማል እንጂ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ለተጫዋች አይሆንም።

የባሕር ዳር አየር ለስፒከር ያስቸግራል?

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል አምፕሊፋየሩ ከቆላው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀን ለፀሐይ አይጋለጥ፤ የጀርባው ብረት በጨርቅ አይሸፈን። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ደግሞ ከዳሱ ውጭ የቀረ ስፒከር የሚበላሸው ከላይ በሚወርደው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከታች ከርጥብ ሣር የሚነሣው እርጥበትም ኬብል መሰኪያዎቹን ያዝጋቸዋል።

ድምፁ ማታ ማታ በሐይቁ ላይ ርቆ ይሰማል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ ከምድር አጠገብ ያለው ሞቃት አየር ድምፁን ወደ ላይ ያጎብጠዋል። ሲመሽ ከውኃው በላይ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከእርሱ በላይ ያለው ሞቃት ሲሆን ግን ድምፁ ወደ ታች እየጎበጠ የውኃውን ወለል ተከትሎ ይጓዛል፤ ሞገድ ካልተነሣ በቀር በመንገዱ የሚያግደው ነገር የለም። በዚህ የተነሣ ከቀትር በኋላ በተስተካከለ ድምፅ ማታ የሚጫወት ባንድ ሳያውቀው ከማዶ ላሉት ሰዎችም እየተጫወተ ነው።

ስለዚህ ስፒከሮቹ ፊታቸውን ለሐይቁ እንዳይሰጡ፣ ከተቻለም ወደ እንግዳው በጥቂቱ ጎንበስ እንዲሉ ይደረጉ። በአንድ ጥግ ሁለት ኃይለኛ ስፒከሮች ከማስጮኽ፣ ሁለት ተጨማሪ ትንንሾችን በግቢው መካከል አኑሮ ሁሉንም ዝቅ አድርጎ ማጫወት ይሻላል። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ የዓሣ መጥበሻው ጩኸትና የባጃጁ ጥሩምባ ጋብ ሲል፣ ማስተሩን (የሚክሰሩን ዋና የድምፅ መቆጣጠሪያ) በ3 ዴሲቤል ዝቅ አደርጋለሁ፤ እስካሁን «ቀነስክብን» ያለኝ እንግዳ የለም።